ስለ ኢንፍሉዌንዛና ስለ ጦር ሰፈር

(በሬዲዮ ከተነገረው)



በአገራችን ጉንፋን እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ተለመደ እንግዳ ይቆጠራል። በጊዜው ይመጣል፤ ሦስት አራት ቀን ያስነጥሳል፤ ከዚያም በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ተሸኝቶ ይሄዳል። ስለዚህም ሰው ታሞ ተኝቶ ሳለ ጠያቂ መጥቶ «ምን ነካህ?» ቢለው፣ «ኧረ ምንም አይደለም፤ ጉንፋን ነው» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለዚህ ስለ ቀላሉ ጉንፋን አይደለም። ጉንፋን መስሎ ስለሚገባው፣ ነገር ግን ጠባዩ ሌላ ስለ ሆነው ስለ ኢንፍሉዌንዛ ነው።

ተራው ጉንፋን አፍንጫን ያፈስሳል እንጂ ብዙ ጊዜ ሥራ አያስፈታም። ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት ይጥላል። ጧት በደኅና የተነሣው ሰው ማታ ትኩሳት ይዞት፣ ራሱን እየፈለጠው፣ አጥንቱ እየተቆረጣጠመ ይተኛል፤ ደረቅ ሳልም ይከተለዋል። አብዛኛው ሰው በሳምንት ጊዜ ውስጥ ይድናል። ሽማግሌውን፣ ሕፃኑን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ እንዲሁም የልብና የሳምባ ሕመም ያለበትን ሰው ግን ወደ ሳምባ ምች አድርሶ ሊገድል ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርስ ሰው ከዚህ በሽታ በሚመጣ የመተንፈሻ አካላት ሕመም ይሞታል።

የዓለም ሐኪሞች ይህን በሽታ ለመከታተል ሲነሡ አስቀድመው ዓይናቸውን ከሚጥሉባቸው ቦታዎች አንዱ የጦር ሰፈር ነው። ታዲያ ይህ ነገር በመርጡለ ማርያም ለሚያርሰው ገበሬ፣ ወይም በሞጣና በብቸና ገበያ ለሚነግደው ሰው ምኑ ነው? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መርጡለ ማርያም ከአባይ ሸለቆ ብዙ ሳትርቅ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ የተቀመጠች፣ በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያንዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ስምዋ የሚነሣው ከታቦትዋ ጋር እንጂ ከካምፕ ጋር አይደለም። መልሱን አስቀድሜ በአጭሩ ልናገረው። በጦር ሰፈር ያልተቆጠረ ሳል፣ ወታደሩ ፈቃድ ባገኘ ዕለት አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ቤቱ ይመጣል። ሲመጣም ማንም ሳይጠብቀው ነው።

የጦር ሰፈር የበሽታ መስተዋት የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከተራራውም ከቆላውም፣ ከከተማውም ከገጠሩም የተሰበሰቡ ወጣቶች በአንድ ቤት ውስጥ አልጋ ለአልጋ ተጠጋግተው ያድራሉ፤ በአንድ ሰዓት ይመገባሉ፤ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ ደክመው ይተኛሉ፤ ሳይጠግቡ ይነሣሉ። አንዱ የሌላውን አገር ተሐዋስያን አያውቀውም። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ በሳልና በማስነጠስ በሚረጭ ረቂቅ ጠብታ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ፣ ከተያዙ በኋላም አንድና ሁለት ቀን፣ ቢበዛ አራት ቀን ቆይቶ የሚገለጥ በሽታ ስለ ሆነ፣ ለእርሱ ከእንደዚህ ያለ ቤት የበለጠ የሚመች ስፍራ የለም። በሌላ በኩል ግን የጦር ሰፈር ከመንደር የሚሻልበት ነገር አለው። በመንደር ስንት ሰው እንደ ታመመ የሚያውቅ የለም። በጦር ሰፈር ግን ሰው በየጧቱ በስሙ ይጠራል፤ ያልተገኘው ለምን እንዳልተገኘ ይጠየቃል። ያ የጧት ጥሪ በሐኪም ዓይን ሲታይ ትልቅ መሣሪያ ነው።

ጦርና በሽታ አብረው መጓዛቸው ለአገራችን ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ክረምት ሊገባ ሲል፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከጣና ሐይቅ አጠገብ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ንጉሡም በዚያን ጊዜ በእጃቸው ከነበሩት እንግሊዞች መካከል ሐኪሙን ሄንሪ ብላንክን አማክረው ሠራዊቱን ከሞቃቱ የሐይቅ ዳር አንሥተው ወደ በጌምድር ደጋ አወጡት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያ ኃይለኛ ንጉሥ በሠራዊቱ ውስጥ በሽታ መግባቱን አለመደበቁ ነው። እንደ እርሱ ያላደረጉ ታላላቅ መንግሥታት በኋላ ዘመን ታይተዋል።

ይኸውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1918 በአሜሪካ በካንሳስ ክፍለ ሀገር ካምፕ ፈንስተን በሚባለው የጦር ማሠልጠኛ ብዙ ወታደሮች በኢንፍሉዌንዛ ታመሙ። በሽታው ከወታደሮቹ ጋር ባሕር ተሻገረ፤ በአውሮፓ ምሽጎች ውስጥ ተዘዋወረ፤ በዚያው ዓመት በመስከረምና በጥቅምት ከቀድሞው ይልቅ ከፍቶ ተመለሰ። በመስከረም መጨረሻ ሌቪያታን የተባለው መርከብ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ወታደሮች ጭኖ ከአሜሪካ ወደ ፈረንሳይ ሲጓዝ፣ ከተሳፋሪዎቹ ወደ 2 ሺህ የሚሆኑት በጉዞው ላይ ታመሙ። በጦርነቱ ዘመን በኢንፍሉዌንዛና በእርሱ ሰበብ በመጣ የሳምባ ምች የሞቱት የአሜሪካ ወታደሮች 45 ሺህ ያህል ናቸው፤ ይህም በጥይት ከወደቁባቸው ቁጥር እምብዛም አያንስም። በመላው ዓለም የሞተው ሕዝብ ወደ 50 ሚሊዮን ይገመታል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የተዋጊዎቹ መንግሥታት ጋዜጦች ዝም አሉ። ሠራዊታችን ታሟል ብሎ መጻፍ ለጠላት ምሥጢር መስጠት ሆኖ ይቆጠር ነበርና ሳንሱሩ አላሳለፈውም። ስፔን ግን ከጦርነቱ ውጭ ስለ ነበረች ጋዜጦችዋ የሆነውን ሁሉ ጻፉ፤ ንጉሥዋ አልፎንሶ 13ኛ መታመማቸውን ጭምር አወሩ። ዋጋዋም ምን ሆነ ቢባል፣ በሽታው «የስፔን በሽታ» ተብሎ በስምዋ ተጠራ። እውነቱን የተናገረችው አገር ስሙን ተሸከመች፤ የደበቁት ግን ሳይነኩ ቀሩ። በዚህ ረገድ የእኛ አባቶች ያወጡት ስም የተሻለ ይመስለኛል። በማንም ላይ አላሳበቡም። በወሩ ጠርተው «የኅዳር በሽታ» አሉት።

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ከባሕር ወደብ እስከ ዋና ከተማው ድረስ ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በጥቂት ቀን የሚያልቅ ሆነ። ለነጋዴው የቀና መንገድ ለበሽታውም ቀናለት። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአዲስ አበባ ቤት ለቤት ሰው ወደቀ፤ የሚያስታምም ብቻ ሳይሆን የሚቀብርም እስኪታጣ ድረስ ጸና። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ጽኑ ታመው ተርፈዋል። በከተማይቱ የሞተው ሕዝብ ወደ 10 ሺህ እንደሚደርስ ተጽፏል። ከከተማይቱ ውጭ በየአውራጃው የሞተውን ግን የቆጠረ አልነበረም። በየገጠሩ በየደብሩ አጥቢያ የተቀበሩት ሰዎች ቁጥር ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ጧት ጥራጊው ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ይህም «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ጭሱ የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ አይገድለውም፤ እንዲያውም ለሚያስል ሕፃን ጭስ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ሆኖም ግቢን መጥረጉ መልካም ነው። ከሁሉም በላይ አንድ ሕዝብ ሐውልት ሳያቆም፣ መጽሐፍ ሳይጠይቅ፣ አንድን ወረርሽኝ በየዓመቱ በቀኑ ሲያስታውስ መኖሩ የሚደነቅ ነው።

ወደ ጦር ሰፈሩ እንመለስ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የ1918ቱን ያልረሱት የጦር ሐኪሞች ክትባት ለማግኘት ተጣደፉ፤ በ1945 የአሜሪካ ወታደሮች የመጀመሪያውን ክትባት በብዛት ተወጉ። ነገር ግን ይህ ቫይረስ እንደ ፈንጣጣ አንድ መልክ ይዞ የሚኖር አይደለም፤ መልኩን ይለውጣል። አምና የተወጋው ክትባት ዘንድሮ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1952 የዓለም የጤና ድርጅት የየአገሩን ላቦራቶሪ የሚያያይዝ መረብ አቆመ። የዚህ መረብ ሊቃውንት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በመስከረም፣ ተሰብስበው በመጪው ወራት የትኛው ዓይነት ቫይረስ እንደሚበዛ መርምረው የክትባቱን ቅመም ይወስናሉ። ለዚህ ውሳኔ ከየአገሩ የሚመጣ ናሙና ያስፈልጋቸዋል። ናሙና ያልላከ አገር በዚያ ጉባኤ ላይ ድምፅ እንደሌለው ይቆጠራል ማለት ነው።

የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1976 ለዚህ ሥራ አንድ ድርጅት አቋቁሞ «ማጉመጥመጥ» የሚል ስም ሰጠው፤ ወታደራዊ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቀልድ ያውቃል። በ1997 ደግሞ የሦስቱም ጦር ክፍሎች ክትትል በአንድ ፕሮግራም ሥር ተያይዞ በልዩ ልዩ አገሮች ካሉ ሆስፒታሎችና ላቦራቶሪዎች ጋር መሥራት ጀመረ። አሠራሩ የተወሳሰበ አይደለም። በክሊኒኩ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ የደረሰና የሚያስል፣ ሕመሙም ከጀመረው ከ10 ቀን ያላለፈ ሰው ሲመጣ ይመዘገባል። ከአፍንጫውና ከጉሮሮው በጥጥ ዘንግ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው በበረዶ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ዓይነቱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 በዓለም ላይ የተሰራጨው አዲሱ ኢንፍሉዌንዛ በአሜሪካ ምድር መጀመሪያ የተገኘው በሳንዲያጎ የባሕር ኃይሉ የጤና ምርምር ማእከል በሚሠራበት ጥናት ውስጥ ከአንድ ሕፃን በተወሰደ ናሙና ነው። ለወታደር የተዘረጋው መረብ የሲቪሉን ልጅ በሽታ ያዘ።

የክትትሉ መሠረት ላቦራቶሪው ነው የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። መሠረቱ ወታደሩ «አሞኛል» ማለቱና አዛዡ ማመኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ በፎርት ዲክስ ሰፈር የሆነውን መመልከት ይበቃል። አንድ ወጣት ወታደር ታሞ በማደሪያው እንዲያርፍ ተነግሮት ሳለ፣ ከጓደኞቹ ላለመለየት ሲል ተነሥቶ ለሌሊት የእግር ጉዞ ተሰለፈ። በጉዞው ላይ ወደቀ፤ ሞተም። በሰውነቱ ውስጥ የተገኘው ከአሳማ የመጣ፣ በዚያ ዘመን ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ያልታየ ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ሰፈሩ ሲመረመር 13 ያህል ወታደሮች በዚያው ቫይረስ ታመው፣ ወደ 230 የሚሆኑት ደግሞ ሳይታወቃቸው ተይዘው ተገኙ። መንግሥቱ የ1918ቱ ሊመለስ ነው ብሎ ፈርቶ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው አስከተበ። በሽታው ግን ከሰፈሩ ሳይወጣ ጠፋ፤ በተከተቡት ላይ የታየ የነርቭ ሕመምም ክትባቱን አስቆመው። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች የጦር ሐኪሞቹን በከንቱ አስደነገጡን ብለው ወቀሱ። እኔ ግን የተሳሳተው በሽታውን ያየው ሳይሆን፣ ከታየ በኋላ ሳይጠብቅ የተጣደፈው ነው እላለሁ። ማየትና መሮጥ ሁለት ነገር ናቸው።

የዚያን ወጣት ጠባይ በእኛም ዘንድ እናውቀዋለን። በጎጃም ወንድ ልጅ በብርድና በሳል አይተኛም። ታመምሁ ብሎ ከሰልፍ መቅረት ሰነፍ ያሰኛል፤ የሃምሳ አለቃውም ምናልባት «ሥራ ጠልተህ ነው» ይለዋል። እንዲህ በሆነበት ሰፈር መዝገቡ ንጹሕ ይሆናል፤ ሰፈሩ ግን በሽተኛ ነው። ስለዚህ አዛዦች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ቀላል ነገር አለ። ትኩሳት ያለውን ወታደር ለጥቂት ቀን ለብቻው ማሳረፍ አንድ ሰው ያጎድላል፤ አለማሳረፍ ሻለቃውን ያጎድላል። አልጋዎችን ማራራቅ፣ ቦታ ከጠበበም የአንዱን ራስ በሌላው እግር በኩል አድርጎ ማስተኛት፣ መስኮት መክፈት፣ ይህ ሁሉ በ1918ም ይደረግ የነበረ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

የአገራችን ወታደር ደግሞ በአገሩ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ከጅቡቲ ተሳፍሮ ወደ ኮሪያ ዘመተ። በ1960 እ.ኤ.አ. ወደ ኮንጎ፣ ከዚያም በየዘመኑ ወደ ሩዋንዳ፣ ወደ ብሩንዲ፣ ወደ ላይቤሪያ፣ ወደ ዳርፉርና ወደ አብዬ ሰላም ለማስከበር ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ በማዋጣት ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት መካከል ነበረች። ከልዩ ልዩ አገር ጦር ጋር በአንድ ሰፈር የከረመ ሰው ሜዳሊያ ብቻ ይዞ አይመለስም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በአዲስ አበባ የሕክምና ምርምር ክፍል አቋቁሞ እንደ ተስቦ ያሉትን በሽታዎች ያጠና ነበር፤ ደርግ በ1977 እ.ኤ.አ. ዘጋው። ሥራው የሌላ አገር ጦር ሥራ ነበርና ቢዘጋ አያስገርምም። ዕውቀቱ ግን የራስ ሊሆን ይገባል።

የራስ መሆንም ጀምሯል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተመረጡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የኢንፍሉዌንዛ ናሙና እየተወሰደ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ተቋም ላቦራቶሪ መመርመር ተጀመረ፤ በኋላም ወደ ክልሎች ተስፋፋ። ጥቅሙ በ2012 ዓ.ም. ታየ። ኮቪድ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተላኩ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ በኢንፍሉዌንዛ የሠለጠኑት ባለሙያዎችና መሣሪያዎች ምርመራውን በአገር ውስጥ ጀመሩ፤ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሲገኝ አገሪቱ የሌላ አገር መልስ አልጠበቀችም። የሠራዊቱ ሆስፒታሎችና የየሰፈሩ ክሊኒኮች ከዚህ ሥራ ጋር በጥብቅ ቢያያዙ፣ ከሌሎች አገሮች እንደ ታየው፣ የሲቪሉ ሕዝብ ማንቂያ ደወል ይሆናሉ።

አሁን ወደ መርጡለ ማርያም እንምጣ። አንድ ወታደር ፈቃድ አግኝቶ ለጥር 21 የአስተርእዮ ማርያም በዓል ወደ አገሩ መጣ እንበል። ከአዲስ አበባ ጀምሮ በአውቶቡስ ከ50 ሰው ጋር መስኮት ተዘግቶ ተጉዟል። ቤቱ ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ይስመዋል፤ በማግስቱ በበዓሉ ሕዝብ መካከል ይውላል። የቆሎ ተማሪው በዚያው ሕዝብ ውስጥ አለ፤ ሲመሽ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር በአንዲት ጠባብ ጎጆ ተጠጋግቶ ያድራል። የቅኔ ጉባኤ ቤት ጎጆ ከጦር ሰፈር በምን ይለያል? ጠመንጃ ስለሌለው ብቻ ነው። ከመርጡለ ማርያም ተነሥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ መምህር ፍለጋ የሚሄደው ተማሪም ሳሉን ይዞት ይሄዳል። የአባይ ገደል ወራሪ ጦር አስቁሞ ያውቅ ይሆናል፤ ገበያተኛ የሚሻገርበትን በሽታ ግን አያስቆምም።

በአገራችን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ገና በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ አልገባም። ስለዚህ የቀረው መለየትና መናገር ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ለቅሶም ሰርግም ቢቀር ይቅርታ ይደረግለት። ሲያስል አፉን በክንዱ ወይም በነጠላው ይሸፍን፤ እጁን ይታጠብ፤ ውኃና ትኩስ ነገር ይጠጣ። መተንፈስ ያቃተው፣ ደረቱን የወጋው፣ ወይም ትኩሳቱ ለቆት እንደገና የተመለሰበት ሰው ግን ቤት ውስጥ ሊታሽ አይገባውም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሁሉም ጤና ጣቢያ የኢንፍሉዌንዛ ናሙና አይወስድም። ነገር ግን የአገራችን የጤና አደጋ ቁጥጥር ሥርዓት ለየጤና ተቋሙ የሰጠው አንድ መዝገብ አለ፤ ስሙም የወሬ መዝገብ ነው። «በእገሌ ቀበሌ በአንድ ሳምንት ብዙ ሰው ባልታወቀ ትኩሳት ወደቀ»፣ «ከካምፕ የመጡ ልጆች ሁሉ ታመሙ» የሚል ወሬ ሲሰማ በዚያ ይጻፋል፤ ተጽፎም ይጣራል። ሐሰት ከሆነ ሐሰት መሆኑ ይመዘገባል። በጎጃም ወሬ አዋቂ ሰው ብዙ ጊዜ አይመሰገንም፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን ከገበያ የሚመለሰው ባለወሬ ከማንም ይልቅ ይጠቅማታል። በ1911 ዓ.ም. ያልነበረው ይህ መዝገብ ነው። መንገድ በተዘጋ፣ ስልክም በተቋረጠ ጊዜ እንኳ ቢሆን፣ ያች ሠራተኛ የሰማችውን ከነቀኑ ጽፋ ብታቆይ፣ መንገዱ ሲከፈት የሚጠይቃት አይጠፋም።